ከምቱ ትንሽ ዘግየት ብላ

ስለ ቢሊ ሆሊደይ የተጻፈ ነገር ስናነብ ሁልጊዜ የሚገርመን አንድ ጉዳይ አለ፤ ዘፈኗ የሚመጣው ከመከራዋ በኋላ ነው። መጀመሪያ ድሀዋ እናቷና ጥሏቸው የሄደው አባቷ፣ ቀጥሎ ሱሱ፣ እስር ቤቱ፣ የሚደበድቧት ወንዶች፣ በመጨረሻም ፖሊስ የሚጠብቀው የሆስፒታል አልጋ ይተረካል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ገጽ ከተረፈ፣ «ድምፅዋም ኀዘን የተሞላ ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል ትደረጋለች። አንባቢ ሆይ፣ በዚህች ጽሑፍ ይህን ቅደም ተከተል ልንገለብጠው ነው። መከራዋን ልንክድ አይደለም። ነገር ግን መከራ የደረሰበት ሰው ሁሉ እንደ እሷ አይዘፍንም። እንዲያ ቢሆንማ ኖሮ ሰፈራችን በሙሉ በዘፋኝ በተጥለቀለቀ!

«እኛ» የምንለው በአንድ ዶርም የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን፤ ሁለታችን የሥነ ጽሑፍ፣ አንዱ የታሪክ፣ አንዱ የፍልስፍና ተማሪ። ካለፈው ሴሚስተር ጀምሮ ማታ ማታ፣ ከላይብረሪ ስንመለስ፣ የቢሊን ሸክላዎች ከመጀመሪያው አንሥተን በቀን ቅደም ተከተል ስናዳምጥ ከርመናል። ለምን በቅደም ተከተል ቢባል የታሪኩ ተማሪ አመል ነው፤ ሌላ አያውቅም። ሸክላ እንላለን እንጂ ሸክላ በእጃችን ነክተን አናውቅም፤ የምንሰማው ከስልክ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

የተወለደችው አፕሪል 7 ቀን 1915 በፊላዴልፊያ ከተማ ነው፤ ያደገችው ግን ባልቲሞር። መጀመሪያ ስሟ ኤሊኖራ ፌገን ነበር። «ቢሊ»ን ከምትወዳት የፊልም ተዋናይ ከቢሊ ዶቭ ወሰደች፤ «ሆሊደይ»ን ከአባቷ ከክላረንስ ሆሊደይ። አባትየው በፍሌቸር ሄንደርሰን ኦርኬስትራ ጊታር የተጫወተ ሰው ነው፤ ልጁን ግን አላሳደገም። በ1956 ከጋዜጠኛው ከዊልያም ደፍቲ ጋር ባወጣችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ እንደምትለው፣ በልጅነቷ ባልቲሞር ውስጥ ለአንዲት የሴተኛ አዳሪዎች ቤት እመቤት ትላላክ ነበር፤ ዋጋዋም ገንዘብ ሳይሆን ሳሎን ገብታ ግራሞፎን ማዳመጥ። የሰማችውም ሉዊ አርምስትሮንግንና ቤሲ ስሚዝን። መጽሐፉ ሁሉ እውነት ነው ብለን አንምልም፤ ተመራማሪዎች ብዙ ቦታ ላይ ከሰነድ ጋር የማይገጥም ነገር አግኝተውበታል። ይህችኛዋን ታሪክ ግን እንወዳታለን። ኖታ ማንበብ ሳትማር የቀረችው ልጅ ትምህርት ቤቷ ሸክላ ነበር ማለት ነው። ከአርምስትሮንግ ስሜቱን፣ ከቤሲ ደግሞ የድምፅዋን ግዝፈት ተመኘች። ግዝፈቱ አልሆነላትም። ድምፅዋ ትንሽ ናት፤ ከአንድ ኦክታቭ ብዙም አታልፍም። ከመካከላችን አንዱ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ያደገው፣ መጀመሪያ ሲሰማት «ኧረ ይቺ ሴትዮ ጉንፋን ይዟታል!» አለ። አሁን እሱ ነው ስልኩን የማያስነካን።

በ1933 መጀመሪያ ጆን ሐመንድ የተባለ፣ ከሀብታም ቤተሰብ የተወለደ የጃዝ ወዳድ ወጣት ሐርለም ውስጥ በአንድ የምሽት ክበብ ስትዘፍን ሰማት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 27 ከክላርኔት ተጫዋቹ ከቤኒ ጉድማን ጋር ስቱዲዮ አስገባት። 18 ዓመቷ ነበር። ይኸው ሐመንድ ከሦስት ቀን በፊት፣ ኖቬምበር 24፣ ታላቋን ቤሲ ስሚዝን አስቀርጾ ነበር፤ ያም የቤሲ የመጨረሻው ቀረጻ ሆነ። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ልብ ወለድ ውስጥ ብናስገባው መምህሮቻችን «አሳማኝ አይደለም» ብለው በቀይ ያሰምሩበት ነበር። የመጀመሪያዋን ሸክላ በእውነቱ ብዙም አልወደድናትም። ዜማው ከፍ ብሎባታል፤ ከባንዱ ጋር የምትሽቀዳደም ትመስላለች።

ነገሩ የሚጀምረው ጁላይ 2 ቀን 1935 ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ ቴዲ ዊልሰን አንድ ትንሽ ባንድ ሰብስቦ ብራንስዊክ ለተባለው የሸክላ ኩባንያ አራት ዘፈን ሊያስቀርጽ ገባ። ክላርኔቱ ጉድማን፣ ትራምፔቱ ሮይ ኤልድሪጅ፣ ቴነር ሳክስፎኑ ቤን ዌብስተር፣ ዘፋኟ ቢሊ። ከአራቱ አንዱ «ዋት ኤ ሊትል ሙንላይት ካን ዱ» የሚባለው ነው። ጉድማን በክላርኔቱ እየተንቀለቀለ ይከፍተዋል፤ ባንዱ ሊጋልብ ነው፤ ድራሙ ይከተላል፤ ከዚያ እሷ ትገባለች፤ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ምንም እንደማያስቸኩላት ሆና። የሚኒባስ ወያላ በር ሊዘጋ ሲል ሳይሮጥ ደርሶ ዘው የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ።

እዚህ ላይ የዚያን ዘመን የሸክላ ሥራ እንዴት እንደነበረ ማወቅ ይጠቅማል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረው፣ 10 ኢንች ስፋት ያለው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ባንዱ በአብዛኛው ዜማውን አንዴ ይጫወታል፤ ቀጥሎ ቢሊ አንድ ዙር ትዘፍናለች፤ ቀሪውን ሙዚቀኞቹ እየተቀባበሉ ይጨርሱታል። ሸክላው ላይ በጉልህ የሚጻፈው «ቴዲ ዊልሰንና ኦርኬስትራው» ነው፤ የእሷ ስም ከሥር በትንሹ። እንግዲህ ለእሷ የምትደርሳት አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ጥቂት ሰከንድ ጨምራ ናት። ዋናው ገበያ ደግሞ ጁክቦክስ ነበር፤ በየመጠጥ ቤቱ የቆመ፣ ሳንቲም ሲከቱበት የተመረጠውን ሸክላ የሚያጫውት ሳጥን። ለዚያ ሳጥን ቶሎ ቶሎ አዲስ ዘፈን ያስፈልጋል። ዘፈኖቹም በዚያ ሰሞን ከፊልምና ከመድረክ የወጡ፣ ብዙዎቹ በሚቀጥለው ወር የሚረሱ ነበሩ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና ግጥሞቹን እየጻፍን አየናቸው። ቂላቂል ናቸው! ጨረቃ፣ ከንፈር፣ ሰማያዊ ሰማይ፤ እኛ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ የማናሳልፋቸው።

ታዲያ ምን አደረገቻቸው? ዜማው ደረጃ እየወጣ እየወረደ ሲሄድ እሷ ደረጃውን ትተወዋለች፤ በሁለት በሦስት ኖታ ላይ ቁጭ ብላ እንደሚያወራ ሰው ትናገረዋለች። ባሱና ድራሙ ሰዓታቸውን ጠብቀው ሲራመዱ እሷ ወደ ኋላ ቀረት ትላለች። አሁን ጠፋች፣ አሁን ከባንዱ ተለየች ስትሉ በመጨረሻዋ ቃል ላይ ከች! ቃሉ ያው ቂሉ ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አልለወጠችም። ግን በዘገየችባት በዚያች ቅጽበት ውስጥ ማመን አለማመኗ፣ መሳቅ አለመሳቋ ይገባል። የፍልስፍናው ተማሪ ወዲያው «ሰምና ወርቅ ነው!» ብሎ ተነሣ። እኛ አገር የወደድነውን ነገር ሁሉ ሰምና ወርቅ ማለት ልማድ ሆኗል። አይደለም። በቅኔ ወርቁ የሚገኘው በቃሉ ውስጥ ነው፤ ቃሉን ፈትተህ ትደርስበታለህ። እዚህ ግን የሚፈታ ቃል የለም። የተለወጠው ቃሉ የሚነገርበት ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ሁለት ማታ ተከራክረን፣ የጎረቤት ዶርም ግድግዳ ደብድቦብን ተኛን።

ለዚህ ሥራ የተከፈላት ለቀረጻው የተቆረጠ ሒሳብ ነበር። ከሽያጩ የሚታሰብ ድርሻ አልነበራትም። ሳጥኑ ውስጥ የሚወድቀው ሳንቲም ቢበዛም ቢያንስ ለእሷ ያው ነው። እነዚያ ከ1935 እስከ 1942 የተቀረጹት ሸክላዎች ዛሬ ድረስ ሲታተሙና ሲሸጡ ኖረዋል። በ1936 ጁላይ ወር ለቮካልየን ኩባንያ በራሷ ስም፣ «ቢሊ ሆሊደይና ኦርኬስትራዋ» ተብሎ መቀረጽ ስትጀምር ስሟ ወደ ላይ ወጣ እንጂ የሒሳቡ ነገር ብዙም ከፍ አላለም።

ጃንዋሪ 25 ቀን 1937። ይህን ቀን የታሪኩ ተማሪያችን በዶርማችን ግድግዳ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎታል (አስተዳደሩ እንዳይሰማ)። ከካንሳስ ሲቲ የመጣው የካውንት ቤሲ ኦርኬስትራ ገና ኒው ዮርክ እንደገባ ነበር። ከእሱ ውስጥ ሌስተር ያንግ ቴነር ሳክስፎኑን፣ ባክ ክሌይተን ትራምፔቱን፣ ዎልተር ፔጅ ባሱን፣ ጆ ጆንስ ድራሙን፣ ከእነሱም ጋር ፍሬዲ ግሪን ጊታሩን ይዘው ከቴዲ ዊልሰንና ከቢሊ ጋር ስቱዲዮ ገቡ። «ዚስ ይርስ ኪስስ» የሚለውን ስትሰሙ መጀመሪያ የሚመጣው የሌስተር ሳክስፎን ነው። በዚያ ዘመን ቴነር ሳክስፎን ማለት ወፍራምና የሚያገሳ ድምፅ ነበር፤ ሌስተር ግን ቀለል፣ ሳሳ አድርጎ፣ ሳያንቀጠቅጥ ይነፋዋል። ከዚያ ቢሊ ትገባለች፣ ንግግሩም ይቀጥላል። ያው ሰው ነው የሚመስለው፤ ግማሹን በቧንቧ፣ ግማሹን በጉሮሮ የሚናገር። በዚያው ዓመት ጁን በተቀረጸው «ሚ ማይሴልፍ ኤንድ አይ» በተባለው ደግሞ እሷ ስትዘፍን እሱ ከሥሯ አብሮ ይጫወታል። አንዱ ሌላውን አይሸፍንም፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። እሱ «ሌዲ ዴይ» አላት፤ እሷ «ፕሬዝ» አለችው፣ ፕሬዚዳንት ለማለት። ለተወሰነ ጊዜ ከእሷና ከእናቷ ጋር በአንድ ቤት ኖሯል። ፍቅረኞች አልነበሩም። እንዲህ ያለ ነገር በወንድና በሴት መካከል ይኖራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ሸክላው መልስ ነው።

በዚያው በ1937 ማርች አካባቢ ቢሊ የቤሲ ኦርኬስትራ ዘፋኝ ሆና በአውቶቡስ መዞር ጀመረች። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚያንገበግበው። ቤሲ የፈረመው ከዴካ ኩባንያ ጋር ነው፤ እሷ ደግሞ ውሏ ከነብራንስዊክ ጋር። ስለዚህ አንድ ዓመት ገደማ በየማታው አብረው ሲሠሩ፣ ያ ሁሉ ባንድና ያቺ ዘፋኝ አንድም ሸክላ አብረው አላስቀረጹም። አልተፈቀደም! የቀረው ሬድዮ ላይ ሲተላለፍ የተያዘ ነው፤ ጁን 30 ከሐርለሙ ሳቮይ የጭፈራ አዳራሽ ሁለት ዘፈን፣ ኖቬምበር 3 ከኒው ጀርሲው ሜዶውብሩክ አንድ። ሦስት ዘፈን ብቻ። ሲንሻጠር፣ ሲርቅ ሲቀርብ ይሰማል። ከስቱዲዮው ይልቅ እሷ እዚያ ትፈታለች፤ ባንዱን ከኋላዋ እንደ ፈረስ ትጋልበዋለች። ሦስቱን ሰምቶ የቀሩትን ማታዎች አለማሰብ አይቻልም።

ይህን ስናወራ የወሎው ልጅ ዝም አለ። ኋላ ላይ ነገረን። አያቱ በአካባቢያቸው ስማቸው የተጠራ አልቃሽ ነበሩ፤ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ሙሾውን እሳቸው ካላወረዱት ለቅሶው ለቅሶ አይባልም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስልክ የገዛ ጊዜ «አንድ ጊዜ ልቅዳዎት፣ እማማ» ቢላቸው፣ «የሞተ ሰው ስም በዕቃ ውስጥ ይቀመጣል እንዴ ልጄ?» ብለው እንቢ አሉ። ደግሞ ለመነ፤ ደግመው እንቢ አሉ። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ጥቂት ስንኝ በቃሉ ይዟል፤ ዜማውን ግን ሊያንጎራጉረው ሲሞክር «እሳቸው አይደለም» ብሎ ያቆመዋል። አንዳችን «ስለዚህ አንድ ነው፤ ጠፋ» አለ። እሱ ተቆጣ። «አንድ አይደለም! እማማን የከለከላቸው ማንም የለም። ራሳቸው ናቸው እንቢ ያሉት። ሴትዮዋን ግን የኩባንያ ወረቀት ነው የከለከላት።» በዚህ ላይ የሚጨመር አላገኘንም።

ከቤሲ ጋር ስትዞር የደረሰባትን ሌላ ነገር በመጽሐፏ ጽፋዋለች። ዲትሮይት ውስጥ አንድ ቲያትር ቤት፣ ቆዳዋ ቀላ ስለሚል ከጥቁሮቹ ሙዚቀኞች መካከል የቆመች ነጭ ሴት እንዳትመስል ተብሎ ፊቷን በጥቁር ቅባት እንድትቀባ ተደረገች። በ1938 ደግሞ ወደ ነጩ የክላርኔት ተጫዋች ወደ አርቲ ሾው ኦርኬስትራ ገባች፤ በነጮች ባንድ ውስጥ ጥቁር ዘፋኝ ያን ጊዜ ብርቅ ነበር። አሁን ደግሞ ችግሩ ተገለበጠ፤ ለዚያኛው ፈዛዛ፣ ለዚህኛው ጥቁር። ኒው ዮርክ መሐል በሚገኘው ሊንከን ሆቴል፣ ባንዱ በሚሠራበት፣ እንግዶች እንዳያዩአት በዕቃ መጫኛው ሊፍት እንድትወጣ ታዘዘች። ወጣች፤ ዘፈነች፤ ብዙም ሳትቆይ ባንዱን ለቀቀች። ከሾው ጋር ያስቀረጸችው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፣ ጁላይ 24 ቀን 1938፣ «ኤኒ ኦልድ ታይም»። እዚህም የኩባንያ ውል መጣ፤ ሸክላው ከገበያ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በ1938 መጨረሻ ባርኒ ጆሴፍሰን ግሪኒች ቪሌጅ ውስጥ ካፌ ሶሳይቲ የተባለ፣ ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን የሚቀመጥበት ክበብ ከፈተ። እዚያ ስትሠራ ኤብል ሚሮፖል የተባለ የብሮንክስ አስተማሪ፣ ነጮች ጥቁሮችን ያለ ፍርድ በዛፍ ላይ ስለሚሰቅሉበት ግፍ የደረሰውን «ስትሬንጅ ፍሩት» ይዞላት መጣ። አባቷ በ1937 ቴክሳስ ውስጥ በሳንባ ምች ሲሞት በዘሩ ምክንያት ሕክምና ተከልክሎ ነው ብላ ታምን ነበርና ዘፈኑን ከእሱ ጋር አያይዛዋለች። ጆሴፍሰን ሥርዓት አወጣለት፤ ዘፈኑ የመጨረሻ ይሆናል፣ አስተናጋጆች ይቆማሉ፣ መብራት ሁሉ ይጠፋል፣ ፊቷ ላይ ብቻ አንድ ብርሃን ይቀራል፣ ሲያልቅ ትወጣለች፣ ተመልሳም አትመጣም። ኩባንያዋ ኮሎምቢያ አላስቀርጽም አለ። ሚልት ጌብለር የተባለ፣ ኮሞዶር የተሰኘ የሸክላ ሱቅ ያለውና በዚያው ስም ጥቂት ሸክላ የሚያሳትም ሰው አፕሪል 20 ቀን 1939 አስቀረጸው። እሷ እስክትገባ ከአንድ ደቂቃ በላይ መሣሪያ ብቻ ነው የሚሰማው። ያ መጠበቅ ያስፈራል። የፍልስፍናው ተማሪ በማታ አልሰማውም ብሎ ተወን፤ ልክ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንናገር። ይህ ዘፈን በጣም ደፋሩ ሸክላዋ ነው፤ ከእሱ በኋላ ግን ሰው እሷን የሚያዳምጣት ለማዘን ሆነ። ስዊንጉ ቀረ። ከምቱ ጋር የምትጫወተው፣ የምትቀልደው፣ በቂል ግጥም የምትሥቀው የ20 ዓመት ልጅ ተሸፈነች። ይህ የዘፈኑ ጥፋት አይደለም፤ የእኛ የአድማጮች ስንፍና ነው። ከሸክላው ጀርባ ያለው «ፋይን ኤንድ ሜሎው» በየጁክቦክሱ ተወዶ ሸክላውን ያሸጠው እሱ እንደነበረ የሚያስታውስ ስንት ነው?

የቀረውን ቶሎ እንለፈው፤ ሌሎች በደንብ ጽፈውታል። ለኮሎምቢያ በዚያ ዘመን የመጨረሻዋን ያስቀረጸችው በፌብሩዋሪ 1942 ነው፤ በዚያው ዓመት ኦገስት የሙዚቀኞች ማኅበር የቀረጻ አድማ መታ። በ1944 ዴካ ገብታ በቫዮሊን ታጅባ «ላቨር ማን»ን ዘፈነች። በ1947 በዕፅ ተከሳ በዌስት ቨርጂኒያ፣ አልደርሰን በሚገኘው የሴቶች እስር ቤት ታሰረች። በ1948 ማርች ወጥታ በዚያው ወር በ27ኛው ቀን ካርኔጊ አዳራሽን ሞላች፤ ግን ፖሊስ የሚሰጠውን የሥራ ካርድ ስለተነጠቀች መጠጥ በሚሸጥባቸው የኒው ዮርክ ክበቦች መሥራት ተከለከለች። እዩት እንግዲህ፤ ትልቁ አዳራሽ ይፈቀድላታል፣ እንጀራዋ የሆነው ትንሹ ክበብ ይከለከላታል። ጁላይ 17 ቀን 1959 በ44 ዓመቷ ስትሞት ባንክ የነበራት ገንዘብ 70 ሳንቲም ነው። ሌስተር በዚያው ዓመት ማርች ቀድሟታል።

በ1958 ከሬይ ኤሊስ ኦርኬስትራ ጋር የሠራችው «ሌዲ ኢን ሳቲን» ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ድምፅዋ ተሰነጣጥቋል፣ ጎርንኗል። ሁለታችን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው እንላለን፣ ሁለታችን ሰው ሲወድቅ ማየት ነው እንላለን። የምንስማማበት፣ ድምፁ ሁሉ ሲሄድ ያ ሰዓት አለመሄዱ ነው፤ አሁንም በፈለገችበት ትዘገያለች፣ በፈለገችበት ትደርሳለች።

ልስማት የሚል ካለ ግን ከዚያ አይጀምር። የጃንዋሪ 25 ቀን 1937ቱን አራት ዘፈኖች ይፈልግ። አንዴ እሷን ብቻ ስሙ። ሁለተኛ ጊዜ እሷ ስትዘፍን ዊልሰን በቀኝ እጁ ፒያኖው ላይ የሚመልስላትን ስሙ። ሦስተኛ ጊዜ የፍሬዲ ግሪንን ጊታር ፈልጉ፤ ለማግኘት ያስቸግራል፣ ግን አራቱንም ምት ሳያዛንፍ እዚያው ሥር አለ። ካገኛችሁት በኋላ በጣታችሁ ጠረጴዛውን አብራችሁት ምቱና እሷ የት የት ላይ እንደቀረች ቁጠሩ። እኛ በአንዱ ዘፈን 11 ቦታ ቆጥረናል፤ የመዘምራኑ ልጅ 14 ነው ይላል።